አንድ ቆዳ በቺካጎ፦ የአባይ ምንጭ አይጥ ክስ እና የአርሲ ጅረቶች

አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ ውስጥ ፊልድ ሙዚየም የሚባል ትልቅ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። በዚህ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የአንዲት ትንሽ እንስሳ ቆዳና የራስ ቅል ተቀምጧል። ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ግራጫ፣ ውሃ የማያስገባ ነው። የኋላ እግሮቿ በውሃ ውስጥ ለመንቀሳቀስ የተበጁ ረጃጅሞች ናቸው። የመጣችው ከጎጃም፣ ከግልገል አባይ ምንጭ አካባቢ ነው። ዘመኑ 1919 ዓ.ም.፣ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይንስ "ኒሎፔጋሚስ ፕሉምቤየስ" ብሎ ሰይሟታል። ስሙ ከግሪክና ከላቲን የተቀዳ ነው። ሲፈታ "እርሳስ መልክ ያላት የአባይ ምንጭ አይጥ" ማለት ነው።

ሁለተኛ የለም። በዓለም ላይ ባሉ ሙዚየሞች ሁሉ ቢፈለግ የዚህች እንስሳ ናሙና ያቺ አንዷ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ በጎጃም ደጋ ያያት፣ የያዛት ወይም ፎቶ ያነሳት ተመራማሪ የለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በከፋ የመጥፋት አደጋ ውስጥ ካሉት፣ ምናልባትም ከነጭራሹ ከጠፉት እንስሳት ጎራ መድቧታል።

ይህን ሰምቶ "አይጥ ብትጠፋ ምን ይጎድላል?" የሚል ሰው እንደሚበዛ ግልጽ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ከአይጧ ጋር የጠፋው አይጧ ብቻ አይደለችም። የምትኖርበት ጅረትም ጠፍቷል። ያ ጅረት በጎጃም የጠፋበት መንገድ ዛሬ በአርሲ ደጋ፣ በአሰላ ዙሪያ፣ ከጭላሎ እስከ ካካ ባሉ ተረተሮች ሥር እየተደገመ ነው። ከአባይ ምንጭ ጎጃም ትምህርት ያልወሰደ ሰው ከጭላሎ ምንጭም ትምህርት አይወስድም።

ጎጃምን እና አርሲን ምን አገናኛቸው?

አይጧን የያዘው በፊልድ ሙዚየም እና በቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ የተላከው የ1926–27 የኢትዮጵያ ጉዞ ቡድን ነው። መሪው ዊልፍሬድ ኦስጉድ የሚባል የእንስሳት ተመራማሪ ሲሆን፣ ስሙ የገነነው የአዕዋፍ ሠዓሊ ልዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስም አብሮት ነበር። ይህ ቡድን ወደ ሰሜን ከመሻገሩ በፊት የወጣው ወደ አርሲ ደጋ ነው። የሚፈልገውም ደጋ አጋዘንን፣ ፈረንጆች የተራራ ኒያላ የሚሉትን ነበር።

ደጋ አጋዘን ያኔ ለውጭው ዓለም አዲስ ነበር። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት የአርሲ ተራሮች ቀንዱን ወስዶ ነበር። በ1910 ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። ትልቅ፣ ባለ ቀንድና መልከ ቀና ስለሆነ ታየ። በኋላም የኢትዮጵያ አሥር ሳንቲም ላይ ተቀረጸ። ዛሬም የአርሲና የባሌ የአደን ቀበሌዎች የሚታወቁት በእሱ ነው። አንድ ወንድ አጋዘን ለመግደል የውጭ አዳኝ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል።

ያው ቡድን በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በአባይ ራስጌ፣ ያቺን ግራጫ አይጥ ያዘ። ኦስጉድ በ1928 አዲስ ዝርያ ብቻ ሳትሆን ራሷን የቻለች ወገን መሆኗን አሳተመ። እሷ ግን ቀንድ የላትም። ዶላርም አላመጣችም። ሳንቲም ላይም አልወጣች።

አንዱ ቡድን፣ አንድ አገር፣ ሁለት እንስሳት። አንዱ ዋጋ ወጥቶለት ተጠበቀ፤ ይብዛም ይነስም ፓርክ ተከለለለት፣ ዘብ ተቀጠረለት። ሌላዋ ዋጋ ስላልወጣላት ስሟን እንኳ የሚያውቅ የአገሬው ሰው ጠፋ። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ሲባል የኖረው ስለ ሰው ነበር። የአባይ ምንጭ አይጥ ግን በአባይ ምንጭ ላይ ውሃ አጣች።

ፀጉር ሲሸጥ እና ሳይሸጥ

ዓለም የውሃ ውስጥ አይጦችን ታሪክ በገንዘብ ጽፎታል። ቢቨር የሚባለው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ እንስሳ በዘሩ የአይጥ ወገን ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ 20 ኪሎ አልፎ ይሄዳል። ዛፍ በጥርሱ ቆርጦ ጅረት ይከትራል፤ ኩሬ ይሠራል። ከረጅሙ ፀጉሩ ሥር ያለው ለስላሳ ፀጉር ለባርኔጣ ተወዳዳሪ አልነበረውም። በ1670 የተቋቋመው ሃድሰን ቤይ ኩባንያ በዋናነት በዚህ እንስሳ ቆዳ ከበረ። የዛሬዋ ካናዳ የንግድ መሠረቷ ከሞላ ጎደል የቢቨር ቆዳ ነው ማለት ይቻላል። ከ1937 ጀምሮ የካናዳ አምስት ሳንቲም ላይ ያለው ምስል የእሱ ነው።

ዋጋው ግን ሊያጠፋው ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በመላው አውሮፓና እስያ የቀረው የዚያኛው አህጉር ቢቨር 1,200 ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ አውሮፓውያን አደኑን ከለከሉ፤ ቢቨሩን ወደ ጠፋባቸው ወንዞች መልሰው ለቀቁት። ዛሬ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በልጧል። የመጀመሪያዎቹ ጥረቶች ለፀጉሩም ሲባል የተደረጉ ነበሩ። በኋላ ግን ቢቨር የከተረው ጅረት ውሃ እንደሚይዝ፣ ጎርፍ እንደሚያበርድ፣ ዓሣና ወፍ እንደሚስብ ገባቸው። በ2025 መጀመሪያ ላይ በቼክ ሪፐብሊክ የተሰማው ወሬ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መንግሥት በአንድ ጥብቅ ሥፍራ ክትር ለመሥራት ሰባት ዓመት በወረቀት ሲንከባለል፣ ቢቨሮች ራሳቸው መጥተው ሠሩት። የተቆጠበው ገንዘብ 30 ሚሊዮን ኮሩና ገደማ ተብሎ ተሰልቷል።

ስግብግብነቱ በሌላ በኩልም ጉድ አፍልቷል። አርጀንቲና በ1946 የፀጉር ንግድ እጀምራለሁ ብላ 20 ቢቨሮችን ከካናዳ አምጥታ በደቡብ ጫፏ ለቀቀች። ንግዱ አልሆነም። ቢቨሮቹ ግን በአስር ሺዎች ሆነው ለጥርሳቸው ያልተፈጠረውን ደን እያወደሙ ነው። እንግሊዝ በ1929 ኮይፑ የሚባለውን የደቡብ አሜሪካ የውሃ አይጥ ለፀጉሩ አስገባች። አምልጦ ረግረጉን አጠፋ፤ ቦይና ግድብ ቦረቦረ። እሱን ለማጥፋት እስከ 1989 ድረስ ወጪና ጉልበት ፈሰሰ። ጎረቤት ኬንያም በ1950ዎቹ ያንኑ ኮይፑ ለፀጉር እርባታ አስገብታ፣ ካመለጠው ውስጥ የተወሰነው ናይቫሻ ሐይቅ ገባ። የሐይቁ የውሃ አበቦች ሲመናመኑ አንዱ ተወቃሽ እሱ ነበር። ናይቫሻ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። ዝዋይም እንደዚያው። ስለዚህ "እንዲህ ያለ እንስሳ እኛም ብናስገባ" ብሎ ለሚመኝ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ አይሆንም። እንቦጭ በዝዋይና በቆቃ ላይ ያመጣው መከራ ይበቃል።

ታዲያ የኢትዮጵያ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል ወይ? በመሠረቱ አይለይም። እዚህም እንስሳ የሚታወቀው በገበያ ነው። ጥርኝ በዝባዷ፣ ዝሆን በጥርሱ፣ ነብር በቆዳው፣ አንበሳ በጎፈሩ። ለጀግና ለምድ፣ ለንጉሥ ምንጣፍ፣ ለፈረንጅ ሻንጣ። ጉሬዛ የሚለው አማርኛ ስም በሳይንስ መዝገብ እንዳለ ገብቷል፤ የዚያን ጥቁርና ነጭ ጦጣ ቆዳም ዓለም አድንቆታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ወይዛዝርት የጉሬዛ ፀጉር ካባና የእጅ ማሞቂያ ለብሰዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ደን ጉሬዛም ለዚያ ፋሽን ታጭዷል።

የሚሸጥ ፀጉር ያለው ታደነ። የማይሸጥ ፀጉር ያላት ደግሞ ተረሳች፤ ጅረቷ ሲታረስ "እዚህ እኮ ምን ትኖር ነበር?" ብሎ የጠየቀ የለም። ሁለቱም የአንድ አስተሳሰብ ውጤቶች ናቸው፦ ዋጋ ማለት ገበያ ላይ የወጣ ዋጋ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ።

ጭላሎን የሰየመው ማን ነው?

አሁን ወደ አሰላ እንምጣ። አሰላ በጭላሎ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። የስንዴና የብቅል ገብስ አገር ናት። ሯጮች የወጡበት ደጋ ነው፤ ኃይሌ ከአሰላ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ። በ1967 የስዊድን መንግሥት እርዳታ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያስለመደው እዚህ ነው። ቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የስንዴ ዘር የሚያወጣው እዚህ ነው። ስለ አርሲ መሬት የተጻፈው ብዙ ነው። የተጻፈው ግን ስለሚታረሰው መሬት ነው።

ስለማይታረሰውስ? ቻይልድስ ፍሪክ የሚባል የአሜሪካ ባለጸጋ ልጅ በ1911–12 ከባልደረቦቹ ጋር በጭላሎ ተራራ ሰፍሮ ነበር። ሰፈሩን "የኒያላ ካምፕ" አለው። በ1914 ካሳተማቸው አዳዲስ ዝርያዎች መካከል ሁለት የጭላሎ አይጦች ይገኛሉ። አንዷን ጅራቷ ነጭ ስለሆነ "አልቦኮዳታ" አላት። ሌላውን በጉዞው ባልደረባ በብሊክ ስም "ብሊኪ" ብሎ ሰየመው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኙም። ናሙናዎቻቸው ግን አሜሪካ ናቸው።

እነዚህ አይጦች ተራ አይጦች አይደሉም። ቀይ ቀበሮ፣ ያቺ በዓለም ላይ የቀረችው 500 ገደማ ብቻ የሆነችው የኢትዮጵያ ልዩ እንስሳ፣ በአርሲም በገላማና በካካ ከፍታዎች ላይ አለች። ምግቧ ከ90 በመቶ በላይ የደጋ አይጥ ነው። አይጡ ከሌለ ቀይ ቀበሮ የለችም። በ2011 የተቋቋመው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሰሌዳ ላይ የሚሳሉት አጋዘንና ቀበሮ ናቸው። ቀበሮዋን የሚቀልባት ግን ሰሌዳው ላይ የለም።

ቋንቋውም ለዚህ ምስክር ነው። በአማርኛ "አይጥ" ከተባለ ነገሩ ያበቃል፤ የቤቱም፣ የማሳውም፣ የተራራውም፣ የጅረቱም አንድ ስም ነው። በአሰላ ገጠር አፋን ኦሮሞ "ሀንቱታ" ቢባልም ለከተሜው ያው ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ ግን የትኛው በሣር ሥር እንደሚሮጥ፣ የትኛው ድንጋይ ውስጥ እንደሚገባ፣ ፍልፈል የት አፈር እንደሚገፋ ለይቶ ያውቃል። ይህን እውቀት ከእሱ ተቀብሎ የጻፈ ግን አልታየም። "በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" የሚባለው ይህ ነው።

ጅረቱ እንዴት ይሞታል?

የአባይ ምንጭ አይጥ የቅርብ ዘመዶች በአፍሪካ ደኖች ጅረት ዳር ይኖራሉ። በረጃጅም እግሮቻቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ በጢማቸው የውሃውን እንቅስቃሴ እየዳሰሱ የነፍሳት እጭ ያድናሉ። እሷም የምትበላው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም፤ እህል አይደለም። እነዚህ እጮች ደግሞ የሚኖሩት ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ አየር ባለው ወራጅ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ሲደፈርስ፣ ሲሞቅ፣ መድኃኒት ሲገባበት የመጀመሪያዎቹ ሟቾች እነሱ ናቸው። የውሃ ባለሙያዎች የአንድን ወንዝ ጤና ለመመርመር ድንጋይ ገልብጠው እነዚህን እጮች የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። "የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ" ይባላል። እዚህ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አይጧ ራሷ የውሃው ምስክር ናት። እሷ ያለችበት ውሃ ሕይወት ያለው ወራጅ ውሃ ነው።

ማንም ያቺ አይጥ በአርሲ አለች እያለ አይደለም። ነጥቡ ሌላ ነው። የአርሲ ደጋ ጅረቶች እሷ የጠፋችበትን መንገድ እየሄዱበት ነው።

መንገዱ ይታወቃል። መጀመሪያ የምንጩ ራስ ላይ ያለው ረግረግና ሣር ለከብት ይለቀቃል፤ እየተረገጠ ይደርቃል። ቀጥሎ ማሳው እስከ ውሃው ከንፈር ይደርሳል። ሁለት ክንድ የምትሆን የዳር ሣር እንኳ አትቀርም፤ ሞፈሩ ውሃ ነክቶ ይመለሳል። በክረምት አፈሩ ተጠርጎ ይገባል። ስንዴው ላይ የተረጨው ፀረ አረምና ፀረ ነፍሳት ተከትሎት ይገባል። ዳሩን ባሕር ዛፍ ይይዘዋል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩም ሌላ አያበቅልም። በበጋ የመስኖ ሞተር ይመጣና የቀረውን ይስባል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ስሙ ጅረት ቢሆንም ግብሩ ቦይ ነው።

ይህ የአንድ ቀበሌ ጉዳይ አይደለም። ከጭላሎ፣ ከገላማና ከካካ ተዳፋት የሚወርደው ውሃ ከታር ወንዝን ይሞላል። ከታር ዝዋይን ይመግባል። ከዝዋይ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል። ዝዋይ ላይ የአበባ እርሻ አለ፣ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ የባቱ ከተማ አለ። አብጃታ ደግሞ በመስኖና በፋብሪካ ፍጆታ ምክንያት ምን ያህል እንደሸሸ በዓይን የሚታይ ነው። ጭላሎ ላይ የደረቀች አንዲት ምንጭ ብትቆጠር ሒሳቡ አብጃታ ላይ ይወጣል።

"የተራበ ሰው ባለበት አገር ስለ አይጥ?"

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል፤ መልስም ይገባዋል።

አንደኛ፣ ጅረቱ የሰው ነው። ጀሪካን አዝላ ከታች የምትቀዳው እናት እና ከላይ እጭ የምታድነው አይጥ አንድ ውሃ ነው የሚጠጡት። የአይጧ ውሃ ሲበላሽ የእናትየዋ ልጅ ሆዱን ይታመማል። ሰውና አይጥ ተፎካካሪ ሆነው የቀረቡበት ሚዛን ከመነሻው የተዛባ ነው።

ሁለተኛ፣ "አይጥ የእህል ጠላት ነው" የሚለው እውነት አለው። የአርሲ ገበሬ ስንዴና ገብሱን ከአይጥ ጋር እየተሻማ ነው የሚያመርተው፤ ንዴቱም አግባብ ነው። ነገር ግን የማሳ አይጥና የጅረት አይጥ አንድ አይደሉም። ሳይለዩ የሚበተን መርዝ አይጡን የሚበላውን ጭልፊትና ቀበሮም ይገድላል። ጭልፊቱ ሲሞት ደግሞ የማሳው አይጥ ይበዛል። ይህን ያላየ ዘመቻ ገበሬውን አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ "ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው" የሚለው ክርክር ራሱን ይጥላል። የፈረንጅ የሆነው የአገሬው ሰው ስለተወው ነው። በ2020 ተመራማሪዎች ከዚያችው የቺካጎ ቆዳ ላይ፣ ከ90 ዓመት በኋላ፣ ዘረመል አውጥተው የአይጧን ዝምድና ለዩ። በዚያው ጥናት ከኮንጎ የተገኘችን አዲስ የዘመዷን ዝርያ በፓትሪስ ሉሙምባ ስም ሰየሙ። የኮንጎ ሕዝብ ጀግና በጅረት አይጥ ስም ላይ አለ። የአባይ ምንጭ አይጥ ግን የአገሯ ልጆች አፍ ላይ የለችም፤ በሰከላ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ምስሏ ቢሰቀል የሚያስከፍለው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው።

አራተኛ፣ "አረንጓዴ አሻራ አለ፣ የተፋሰስ ሥራ አለ" ይባላል። አዎ፣ አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ችግኝ በቢሊዮን እየተቆጠረ ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ገበሬው አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ቦረቦር በድንጋይ ይከትራል። ቢቨር በጥርሱ የሚሠራውን የአርሲ ገበሬ በትከሻው ይሠራል። ይህ ድካም ሊመሰገን ይገባዋል። ሪፖርቱ ላይ ግን የሚጻፈው "ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ችግኝ" ነው። "ይህን ያህል ምንጭ ተመለሰ፣ ይህን ያህል ጅረት በጋውን ዘለቀ፣ በውሃው ውስጥ ይህን ያህል ሕይወት ተገኘ" የሚል ዓምድ የለም። ያልተቆጠረ ነገር አይጠበቅም። በከተማም ያው ነው፤ የወንዝ ዳርቻ ሲባል መብራቱና የእግረኛ መንገዱ ይታያል፤ ከድልድዩ ሥር ያለው ውሃ ምን እንደሚያኖር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ምን ይደረግ?

ለአቤቱታ ብቻ አይደለም፤ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ሚሊዮን ዶላርም አይጠይቅም።

1. አይጧ ትፈለግ። ዛሬ እንስሳን ለመፈለግ ወጥመድ ብቻ አያስፈልግም። ከጅረት ከተቀዳ ውሃ ውስጥ በዚያ ውሃ የኖረ እንስሳ ዘረመል ሊለይ ይችላል። የባሕር ዳርና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ለግልገል አባይ ራስጌ ጎረቤቶች ናቸው። ሥራው የእነሱ ነው። ሰላም በሌለበት አካባቢ ተመራማሪ መላክ አይቻል ይሆናል፤ ሲቻል ግን የመጀመሪያው ሥራ ይህ ይሁን።

2. የአርሲ ጅረቶች ይመዝገቡ። አርሲ ዩኒቨርሲቲ አሰላ ላይ ነው። ተማሪዎቹን በየቀበሌው ልኮ እያንዳንዱን ምንጭና ጅረት በአገሬው ስሙ፣ በሽማግሌና በእረኛ ምስክርነት መመዝገብ ይችላል። የትኛው በጋ ይዘልቃል? የትኛው ደረቀ? መቼ ደረቀ? ድንጋዩ ሲገለበጥ ሥሩ ምን ይኖራል? ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ብቻ ሳይሆን ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤትም እንጀራ የሚሆን ሥራ ነው።

3. የውሃ ዳር ሣር ይተው። ከጅረት ግራና ቀኝ ጥቂት ሜትር ሳይታረስ፣ ሣርና የአገር በቀል ቁጥቋጦ ይዞ ይቆይ። ገበሬው ግን መሬት አጥቶ እንዲከስር መፍረድ ነውር ነው። ሣሩን አጭዶ ለከብቱ ይውሰድ፤ ማሳው ጠባብ ለሆነው ማካካሻ ይታሰብ። ከምንጭ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ ይነሳ።

4. ሪፖርቱ ይቀየር። የተፋሰስ ሥራ የሚለካው በተቆፈረው ጉድጓድ ሳይሆን በተመለሰው ውሃ ይሁን። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያሻም። የሪፖርት ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር።

5. ታሪኳ ይመለስ። ቆዳዋ ቺካጎ ቢሆንም ምስሏና መረጃዋ ሊመጣ ይችላል። አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ የሰከላ ትምህርት ቤቶች፣ የአሰላ ትምህርት ቤቶች ይኑራቸው። የጭላሎዎቹም ሁለት አይጦች እንደዚሁ። የአሰላ ተማሪ ከካናዳ ቢቨር በፊት የገዛ ተራራውን ነጭ ጅራት ይወቅ።

ቢቨር ዋጋው በገበያ ሲተመን ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሲጠበቅና ዋጋው በውሃም ሲተመን ተመለሰ። የአባይ ምንጭ አይጥ በአንዱም አልተተመነችም፤ ስለዚህ የቀረችው አንድ ቆዳ ናት። ለእሷ ምናልባት ጊዜው አልፏል። ለጭላሎ ጅረቶች ግን አላለፈም። የሚመጣው ጥር ላይ አካፋ ይዞ የሚወጣው ሕዝብ፣ ከመቆፈሩ በፊት አንድ ቀን ወደ ውሃው ወርዶ ድንጋይ ይገልብጥ፤ ያገኘውንም ይጻፍ። ወረዳው ያንን ወረቀት ተቀብሎ ፋይል ያድርገው። በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ድንጋይ ላይ ይመለስና ይቁጠር።